የ13 ወር ፀጉር

በወልድያ ድመት ሥራ አላት። ጎተራ ትጠብቃለች፣ ጓዳ ትጠብቃለች፣ በደብር ዕቃ ቤት ደግሞ አይጥ ብራና እንዳትቀረጥፍ ዘብ ታድራለች። ለዚህ ሁሉ አገልግሎት የሚከፈላት ከዶሮው 12 ብልት ውስጥ ያልተቆጠረው ነው። ወጥ ሲወጣ እግር ሥር ብትገኝ "ውጪ!" ትባላለች፤ አይጥ የታየ ዕለት ደግሞ "የት ገባች?" ተብላ ትፈለጋለች። ስሟ ውሮ ነው። ከእሷ በፊት የነበረችውም ውሮ ነበረች፣ ነገ የምትተካትም ውሮ ትባላለች። የድመቷ ሳይሆን የሥራ መደቡ መጠሪያ ነው።

እኛ ቤት ያለው ግን ሥራ የለውም። ሥራ ፈላጊም አይደለም። ቀጣሪው እሱ ነው፤ እኔና ባለቤቴ በፀጉር አበጣሪነት፣ በምግብ አቅራቢነትና በበር ከፋችነት ተቀጥረን እናገለግለዋለን።

ነገሩ የመጣው በዲቪ ነው። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ዲቪ ደረሰውና አዲስ አበባ ያለ ዕቃውን ሲበትን ፍሪጁን ለአከራዩ፣ ሶፋውን ለጓደኛው፣ ድመቱን ለእኛ አደለ። "ለጥቂት ወር ነው፤ እግሬን ካደላደልኩ እወስደዋለሁ" አለ። ዲቪ የደረሰው ሰው የሚገባው ቃል እስከየት እንደሚዘልቅ ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቃል። ድመቱ 520 ኪሎ ሜትሩን በሚኒባስ፣ በፕላስቲክ ቅርጫት ተቀምጦ መጣ። እስከ ጣርማ በር ዝም ብሎ ነበር። ቁልቁለቱ ሲጀምር ማልቀስ ጀመረ፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ምላሱን አውጥቶ አለከለከ፤ ከዚያ በኋላ ተሳፋሪው በሙሉ አስታማሚ ሆነለት። መርሳ ላይ መኪናው ቆሞ ሰዉ ማንጎ ሲገዛ አንዲት ደግ ሴት ልጠው፣ ቆርጠው አቀረቡለት። አሽትቶ ፊቱን አዞረ። ሴትዮዋ የመርሳን ማንጎ የናቀ ፍጡር ከዚያ በፊት አላጋጠማቸውም መሰለኝ፣ ከፍቷቸው ቀሩ። ድመት ጣፋጭ የሚባል ጣዕም ከነጭራሹ እንደማይሰማት ያኔ ባውቅ ኖሮ አጽናናቸው ነበር። ምላሷ ላይ ያንን የሚያውቅ ነገር አልተፈጠረላትም፤ ማንጎም ጎመንም ለእሷ አንድ ነው።

ዘሩ ሜይን ኩን የሚባለው ነው። የአሜሪካን ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ የያዘችው የሜይን ግዛት ድመት ነው፤ ግዛቷም እ.ኤ.አ. በ1985 ኦፊሴላዊ ድመቷ አድርጋ አውጃዋለች። የበረዶ አገር ሰው ስለሆነ ከጣቶቹ መሐል ሳይቀር ፀጉር በቅሎለታል። የእህል ነጋዴው ሚዛን ላይ ብናወጣው 8 ኪሎ ሆነ፤ ነጋዴው "ከነጆንያው ነው?" ብሎ ጠየቀ። ለወንዱ ይህ ተራ ክብደት ነው። ጣሊያን አገር ባሪቬል የተባለ አንድ ወንድሙ ከአፍንጫ እስከ ጅራት ጫፍ 120 ሴንቲ ሜትር ተለክቶ ጊነስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። እድገታቸውም አይቸኩልም፤ እስከ ሦስትና አራት ዓመት ድረስ ይጨምራሉ። የእኛው ገና ሁለተኛ ዓመቱን አልደፈነም፤ ይህንን ለባለቤቴ አልነገርኳትም።

የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ አነር ነው አለ። አንዳንዱ ሸለምጥማጥ አለ። በኋላ "ከአነር የተዳቀለ ነው" በሚለው ስምምነት ተደረሰ። አይፈረድበትም፤ አሜሪካኖቹም ራሳቸው ከራኩን የተዳቀለ ነው ሲሉ ኖረው ስሙም ከዚያው ወጥቷል፤ ሊሆን የማይችል ነገር ነው፣ ግን ጅራቱን ያየ ሰው ምን ይበል? ስም ያወጡለት የአጥር ጎረቤታችን መሪጌታ ናቸው። በአጥሩ በኩል አጮልቀው የደረቱን ጎፈርና በኋላ እግሮቹ ላይ ተፈሪ ሱሪ የታጠቀ የሚያስመስለውን ፀጉር አዩና "ፊታውራሪ!" አሉ። በዚያው ጸደቀ።

ፊታውራሪ ማለት የግንባር ጦር መሪ ነው። የእኛው የመጀመሪያ ዘመቻ ጓዳ ውስጥ ሆነ። ተረቱ "አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች" ይላል። የጓዳችን አይጥ ተጠግታ አሸተተች፤ ምንም አልሆነችም። ፊታውራሪ ግን ወደ ኋላ አፈግፍጎ ቁም ሣጥን ላይ ወጣ፤ እራት እስኪቀርብ አልወረደም።

ድመት ከተነሳ አይቀር፣ በስማችን የሚነገድበት አንድ ዘር አለ። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዙ የናፒየር ጦር መቅደላን አቃጥሎ ሲመለስ፣ የተዘረፈውን ዕቃ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ ተሸክሞት በዋድላ በኩል ሲተም፣ ከጓዙ ጋር አንዲት ድመት እንግሊዝ ገባች ይባላል። ዙላ ትባል ነበር፤ ጦሩ ከመርከብ የወረደበት የቀይ ባሕር ዳርቻ ስም ነው። ጎርደን ስቴብልስ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1874 ባሳተመው የድመት መጽሐፍ ሥዕሏን አወጣ። ከዚያ ወዲህ ያን የመሰለ ድመት ሁሉ አቢሲኒያን ተብሎ በውድ ይሸጣል። የዘር ጥናቱ ግን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ ወደ ሕንድ አካባቢ ነው የሚጠቁመው። የተወሰደብን ታቦትና ብራና ይመለስ ስንል ኖረናል፤ ድመቷን በተመለከተ ግን የምንከራከርበት ማስረጃ ያለን አይመስለኝም።

የሚያስቀው የሚቀጥለው ነው። አቢሲኒያን ፀጉሯ አጭር ነው፤ አልፎ አልፎ ግን ፀጉረ ረጅም ግልገል ጣል ታደርጋለች። አሜሪካኖቹ አርቢዎች ይህን ረጅሙን ምን ብለው ሰየሙት? ሶማሊ። ምክንያት ቢባል ሶማሊያ የኢትዮጵያ ጎረቤት ናት፣ በቃ። አንዲት እናት ባንድ ሌሊት ከወለደቻቸው ግልገሎች መሐል ፀጉሩ ያጠረው ኢትዮጵያዊ፣ የረዘመው ሶማሊያዊ ሆኖ በየፊናው ይመዘገባል። ድንበር እንዲህ በሚዶ የተሰመረበት ሌላ ቦታ አላውቅም።

ወደ ሚዶው ልመለስ፤ ትዳራችንን የፈተነው እሱ ነውና። ድመት ፀጉሯን የምታረግፈው በሙቀቱ ብቻ ሳይሆን በቀኑ ርዝመት እየተመራች ነው። በበረዶ አገር ክረምትና በጋ ቀኑ በብዙ ሰዓት ስለሚረዝምና ስለሚያጥር፣ እዚያ ያለች ድመት ጊዜዋን ጠብቃ ታረግፋለች፣ ጊዜዋን ጠብቃ ታበቅላለች። ወልድያ ላይ የዓመቱ ረጅም ቀንና አጭር ቀን የሚበላለጡት አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። ፊታውራሪ የቀን መቁጠሪያው ጠፍቶበት ሳያቋርጥ ያረግፋል። ሀብተሥላሴ ታፈሰ ኢትዮጵያን ለቱሪስት "የ13 ወር ፀጋ" ብለው አስተዋወቁ፤ እኛ ቤት የ13 ወር ፀጉር ነው፤ ጳጉሜም አትቀር።

ጋቢ ላይ ፀጉር፣ ሊጥ ውስጥ ፀጉር፣ ጀበና ጡት ላይ ፀጉር አለ። አንድ ለቅሶ ቤት ለመሄድ ጥቁር ኮቴን ለብሼ ወጣሁ፤ ድንኳን ስገባ ግራጫ ሆኖ ነበር። ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ እጅጌዬን ሲያዩ ቆዩና "በግ አርደህ ነው የመጣኸው?" አሉኝ። አሁን ከቤት ሳንወጣ እኔና ባለቤቴ በር ላይ ቆመን በፕላስተር እንላላጣለን፤ ጎረቤት ሲያየን የተጣላን ይመስለዋል።

ማበጠሩ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ባለቤቴ ለራሷ ያስቀመጠችው የእንጨት ሚዶ ነበራት፤ ነበራት ነው የምለው። ጥርሱ ሰፋ ያለ ስለሆነ ለዚህ ፀጉር ከሱ የተሻለ አልተገኘም። ጀርባውን ማበጠር ጨዋታ ነው፣ እሱም ጋደም ብሎ ያንጎራጉራል። ጉዱ ያለው ብብቱ፣ ከጆሮው ጀርባና ሆዱ ላይ ነው። እዚያ ፀጉሩ እርስ በርሱ ተያይዞ እንደ ብርድ ልብስ ይቋጠራል፤ ሲቋጠር ቆዳውን እየሳበ ያሳምመዋል። ቋጠሮውን ከሥሩ መጎተት አይሆንም፤ በግራ እጅ ሥሩን ይዞ፣ በቀኝ እጅ ጣት ከጫፉ ጀምሮ ጥቂት ጥቂት መፈልቀቅ ነው። ቆዳው ስስ ስለሆነ መቀስ ከገባ አብሮ ይቆርጣል። ሳይፈቱ ማጠብም አይገባም፤ ውሃ ቋጠሮውን ያጠብቀዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ዓይን ከጅራቱ ላይ አይነሳም። ጫፉ ወዝወዝ ወዝወዝ ማለት ሲጀምር ስብሰባው ተበትኗል ማለት ነው፤ ይህን ያልተረዳ ሰው ክንዱን ያስነክሳል።

የግድግዳ ጎረቤታችን ሐጃ ይህን ሥቃይ አዩና አዘኑልን። "ምነው ልጆቼ፣ ለጋ ቅቤ ቀቡትና ሹሩባ ሥሩለት!" አሉ። አሳቢነታቸውን መግፋት ነውር ስለሆነ ባለቤቴ አናቱ ላይ ጣል አደረገችለት። ሲነጋ ቅቤው የለም፤ ልሶ ጨርሶታል። የቀረውን ቀን ያሳለፈው የሚጸዳዳበት አሸዋ ላይ ነው።

አሸዋው ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። አዲስ አበባ ለድመት የሚሸጥ ልዩ አሸዋ አለ፤ እዚህ ያለን አላውሃ ወንዝ ነው። አሸዋ ጫኝ አስቁሜ በትንሹ እንዲያራግፍልኝ ስጠይቅ ሾፌሩ "ስንት ክፍል ነው የምትሠራው?" አለኝ። "አንድ" አልኩት። "ሳሎን ነው?" ሽንት ቤት ነው አልኩት፤ እውነቴን ነው። "ለሽንት ቤትማ ሲሚንቶም ያስፈልግሃል" ብሎ ዋጋ ነገረኝ። የማን ሽንት ቤት እንደሆነ አልዘረዘርኩም።

እንግዲህ ሰፈሩን ያነቃነቀውን ነገር ላውጋ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ተፈልቶ፣ ሐጃም መሪጌታም ባለቤታቸውም ተቀምጠው፣ ሁለተኛው ሲቀዳ ፊታውራሪ ከቄጤማው መሐል ተነስቶ አንገቱን አሰገገ። ጀርባውን ቆልምሞ ወደ ኋላ ወደ ኋላ እየሄደ ከሆዱ የሚመጣ ድምፅ ማሰማት ጀመረ፤ ጎኑ ይገባል፣ ይወጣል፣ ዓይኑ ፈጧል። ቤቱ ጸጥ አለ። በመጨረሻ አንድ ጣት የሚያህል፣ እርጥብ፣ ድቡልቡል ነገር ቄጤማው ላይ ጣለና ምንም እንዳልተፈጠረ ሄዶ ውሃ ጠጣ።

"ቡዳ!" አሉ የመሪጌታ ባለቤት፤ "ይኸው፣ የበላውን ተፋው! ስንት ዓይን ነው በዚህ ፀጉር ላይ የሚያርፍ!" እንደ እውነቱ ከሆነ የድመት ምላስ ወደ ጉሮሮ የዞሩ እሾሆች አሉት፤ ራሷን ስትልስ የተነቀለውን ፀጉር መትፋት ስለማትችል ትውጠዋለች፤ ብዙው በታች ያልፋል፣ የቀረው ተድበልብሎ በላይ ይመለሳል። መድኃኒቱ አስቀድሞ ማበጠር ነው። እኔ ይህን ማስረዳት ስጀምር ግን ጤና አዳሙ ተቀንጥሶ፣ ነጭ ሽንኩርቱ እየተወቀጠ ነበር። እዚህ ላይ ጨዋነቴን ትቼ ሙቀጫውን ነጠቅሁ። ነጭ ሽንኩርትም ቀይ ሽንኩርትም የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ ብዙ ከወሰደ ይገድለዋል። ለቡዳ የሚሰጠው መድኃኒት ከቡዳው የባሰ እንደሆነ መናገር ደግሞ በቡና ላይ ቀላል አይደለም። የመሪጌታ ባለቤት ለረጅም ጊዜ አኩርፈውኛል። ስለ እኔ ማንነት የጠረጠሩት ነገር ሳይኖር አይቀርም፤ ነጭ ሽንኩርት የሚፈራው ማን እንደሆነ ይታወቃላ!

የሽንኩርቱ ጉዳይ መዘዙ ወጥ ድረስ ይዘልቃል። ይህ አገር ሽንኩርት የሚያመርት አገር ነው፤ ከቆቦ እስከ መርሳ በመስኖ የሚለማው እሱ ነው። ሽንኩርት የሌለበት ወጥ ካለ የበሽተኛ ነው። ስለዚህ ውሮ በልታ የምታድረው የገበታ ትራፊ ለፊታውራሪ ክልክል ሆነ። ለውሮም አይበጃትም ነበር፣ ጠይቃን ስለማታውቅ እንጂ። ወተትም ተስፋ አይደረግበትም፤ ያደገ ድመት አብዛኛው ወተት አይፈጭለትም። የቀረው ሥጋ ነው፤ ሥጋ ደግሞ ምርጫ ሳይሆን ግዴታው ነው። ታውሪን የሚባል ነገር አለ፤ የሰው ሰውነት ለራሱ ያዘጋጀዋል፣ የድመት ግን የሚበቃውን ማዘጋጀት አይችልም፤ ከሥጋ ካላገኘ ዓይኑ ይጠፋል፣ ልቡ ይደክማል።

እና ሁዳዴ ገባ። 55 ቀን። መሪጌታ "ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ" ብለው ሳቁብኝ እንጂ መፍትሔ አልሰጡኝም። የክርስቲያኑ ልኳንዳ ቤት ሁሉ ዘግቷል። የሙስሊሙ ክፍት ነው፤ ግን ወሎ ውስጥ ሌላው ሁሉ የጋራ ሆኖ ሥጋ ብቻ የየራስ ነው። ሠርግም ቢሆን የክርስቲያን፣ የሙስሊም ተብሎ በየወገኑ ይታረዳል፣ ከዚያ ባንድ ዳስ ይዘፈናል። እኔ በሁዳዴ ከሙስሊም ልኳንዳ ቤት ግማሽ ኪሎ ይዤ ስወጣ የሚያየኝ ሰው "ለድመቱ ነው" ብለው ያምነኛል? ጾም ሻሪ ሁሉ የሚለው ይህንኑ አይደል?

ያዳኑን ሐጃ ናቸው። "አብሽር ልጄ፣ እኔ እገዛለታለሁ" አሉ። ገዝተው፣ ከትፈው፣ በላስቲክ በአጥሩ ላይ ያቀብሉናል። መሪጌታ ከወዲያኛው አጥር ይህን እያዩ ዝም አላሉም። "ሐጃ፣ እንግዲህ ፊታውራሪ በእናንተ ቢስሚላህ በልቷልና የእናንተ ነው።" ሐጃም አልዘገዩም፦ "ድመት የማንም አይደለም መሪጌታ። ለኛ ግን ክብር አለው፤ የነቢዩ ባልደረባ አቡ ሁረይራ የድመት ግልገል ስለሚወዱ አይደል በዚያ የተጠሩት? ድመት የጠጣው ውሃም አይረክስብንም።" መሪጌታ ጥቂት አሰቡና "እኛም ዘንድ ቢሆን ከእንስሳ ሁሉ ማኅደር ጠባቂ እሱ ነው" አሉ። ክርክሩ ለረጅም ጊዜ ቀጠለ፤ ፊታውራሪ በበኩሉ ከሁለቱም አጥር በላ።

ክትባቱ ላይ አላስረዝምም። የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ የውሻ ይሁን እንጂ ድመትንም ይይዛል፣ ከድመትም ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ስለዚህ በየዓመቱ ማስከተብ ግድ ነው። በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድኩት። ተራ የያዙት በሬ፣ ሁለት ፍየልና አንድ ያበጠ አህያ ነበሩ፤ ሁሉም አፈገፈጉለት። ከተከተበ በኋላ ድምፄን ዝቅ አድርጌ "ማኮላሸትስ ይቻላል?" አልኩ። ባለሙያው ከፍ ዝቅ አድርጎ አየው፣ ጎኑን ዳሰሰው፣ "ለማድለብ ነው?" አለኝ። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቡርዲዞ የሚባል ማኮላሻ አሳየኝ። የኮርማ ነው፤ ክንድ ያህላል። እኔና ፊታውራሪ እኩል በሩን አየን።

ሳይኮላሽ የመቅረቱ ውጤት ከሁለት ወር ከምናምን በኋላ መጣ። የሐጃ ውሮ አራት ወለደች። ሐጃ ከጥቂት ሳምንት በኋላ አንድ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የዕድሩን ዳኛና መሪጌታን ይዘው ደጃችን ቆሙ። ክሱ አጭር ነው፦ ውሮ ታርሳለች፣ ጎተራው አይጥ ወሮታል፣ አባትየው ተቆራጭ ይክፈል።

እኔም ተከራከርኩ። ግልገሎቹ ይምጡ አልኩ፤ በቁና መጡ። አራቱም ፀጉራቸው ድፍን አጭር ነው፣ አንዱም ጎፈር የለውም፤ አንዱ ቡሬ፣ ሦስቱ ነብርማ። "ይኸው! የፊታውራሪ ልጅ ቢሆኑ ፀጉራቸው የት ሄደ?" ስል ዳኛው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መሪጌታም "ፍሬን አይቶ ዛፍን ነው" አሉ። ነጻ ልወጣ ነበር። ነገር ግን የዳኛው ልጅ፣ መርሳ ካምፓስ ግብርና የሚማረው፣ ለእረፍት መጥቶ ኖሮ ከኋላ ቆሞ ይሰማል።

"ጋሼ፣ ፀጉሩ ማስረጃ አይሆንም" አለ። "ረጅም ፀጉር ተደብቆ የሚወረስ ነው። ከአባትም ከእናትም ካልመጣ አይታይም። ውሮ ከሌላት ልጆቿ በሙሉ አጭር ሆነው ይወለዳሉ፣ ግን የአባታቸውን በውስጣቸው ይዘው ይዞራሉ። እነሱ እርስ በርስ ሲጋቡ ነው በልጆቻቸው ላይ የሚወጣው።" ስለ አንድ ሜንዴል ስለሚባል መነኩሴና ስለ አተር ጨመረ። መነኩሴ መባሉን ሲሰሙ መሪጌታ ወዲያው ወደዚያ ወገን ዞሩ። ሐጃ ደግሞ ቡሬውን ግልገል ከቁናው አውጥተው መዳፉን ገልብጠው አሳዩን፤ መዳፉ የእናቲቱን ያህል ሊሆን ምንም አልቀረው። ሸንጎው ሁሉ ፊታውራሪን አየ። እሱ ቁም ሣጥን ላይ ነው፤ የፈራው ልጆቹን ይሁን ሐጃን አላውቅም።

ተፈረደ። ግልገሎቹ ጡት እስኪጥሉ ድረስ በየሳምንቱ ግማሽ ኪሎ ሥጋ ከእኛ ቤት ለውሮ ይቆረጣል፤ ቡሬው ሲያድግ እኛ እንወስደዋለን፣ ስሙም ቀኛዝማች ይሁን ተብሏል። እኔም ይግባኝ አልጠየቅሁም። ሥጋው ከየትኛው ልኳንዳ ቤት እንደሚገዛ ግን እስካሁን አልተስማማንም፤ ሐጃ "ውሮ የእኛ ቤት ናት፣ ከእኛ ነው የምትበላ" ይላሉ፣ መሪጌታ "ከፋዩ ክርስቲያን ነው" ይላሉ፣ እሮብና ዓርብስ ምን ይደረግ የሚለው ደግሞ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቡና ተቀጥሯል።